«ሃያ ደቂቃ፣ ሺህ ካሎሪ» ለሚላችሁ ብር እንዳትከፍሉ

ፋሲካ አልፎ ቦርጫችሁን እያያችሁ ጂም መጠያየቅ ለጀመራችሁ የደብረ ማርቆስ ልጆች ነው የምጽፈው። እኔ ተሸውጃለሁ። የቤቱን ስም አልጠራም፤ ወሬውን ስትሰሙ ትለዩታላችሁ።

ሁለት ፓኬጅ አላቸው። አንዱ «ስብ ማቃጠያ» ነው፤ ትሬድሚል ላይ ቀስ እያሉ መራመድ። ሌላው «ከባዱ» ይባላል፤ ዋጋው እጥፍ። አሰልጣኙ «ወንድሜ፣ ሃያ ደቂቃ ብቻ። ሺህ ካሎሪ ታቃጥላለህ። ቤትህ ገብተህ ተኝተህም ሁለት ቀን ሙሉ ይቀጥላል። በወር አሥር ኪሎ» አለኝ። ለሁለት ወር 6,000 ብር በቴሌብር ላክሁ። ላብ ማስወጫ የላስቲክ ልብስ ደግሞ 1,500።

በመጀመሪያው ሳምንት ሚዛኑ ሦስት ኪሎ ወረደ። ደስ አለኝ፣ ለሰውም አወራሁ። እናቴ ግን «ልጄ፣ ጋቢ ደርበህ ፀሐይ ላይ ብትቀመጥም ያልብሃል» አለችኝ። ሳቅሁባት። አንድ ቅዳሜ ከልምምድ በፊት ተመዘንሁ፤ 84። ስወጣ 83.4። ቤት ገብቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ምሳ በላሁ፤ ማታ 84። የወጣው ላብ ብቻ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሂሳቡን ሠራሁት። ብሩን ሳልልክ መሥራት ነበረብኝ፣ ምን ያደርጋል። አንድ ኪሎ የሰውነት ስብ 7,700 ካሎሪ ገደማ ይይዛል። አሥር ኪሎ 77,000 ነው። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን ከ2,500 በላይ። ብዙ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚበላው እንኳ ይህን ያህል ነው! የኔ ክብደት ያለው ሰው ሃያ ደቂቃ ጠንክሮ ቢሮጥ ደግሞ 300 ካሎሪ ገደማ ቢያቃጥል ነው።

«ተኝተህም ይቃጠላል» የሚለው ጨርሶ ውሸት አይደለም፤ ሰው የሚያምነውም ለዚህ ነው። ከከባድ እንቅስቃሴ በኋላ ሰውነት ለተወሰነ ሰዓት ተጨማሪ ያቃጥላል። ግን በልምምዱ ላይ ከወጣው አሥር በመቶ አካባቢ ቢሆን ነው። አንድ ጭብጥ በሶ ይመልሰዋል።

ርካሹ ፓኬጅም ያው ነው። ቀስ ብሎ ሲራመዱ ከሚቃጠለው ውስጥ የስቡ ድርሻ ከፍ ይላል፤ ይህ እውነት ነው። ድምሩ ግን ትንሽ ነው። ግማሽ ሰዓት ብራመድ 140 ካሎሪ ገደማ፣ ቀለል አድርጌ ብሮጥ 330 ገደማ ይወጣል። ከ140ው 60 በመቶው ስብ ቢሆን 84 ነው። ከ330ው 40 በመቶው ብቻ ቢሆን እንኳ 132። ለዚያውም ምግቤን ካልቀነስሁ ሁለቱም ክብደት ለመቀነስ ብዙም አይረዱም፤ እኔ ደግሞ «ሠርቻለሁ» እያልሁ እጥፍ እበላ ነበር።

ሌላም አለ። ትንፋሼ ሲቆራረጥ አሰልጣኙ «አየህ፣ ስቡ እየሄደ ነው» ይለኛል። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት። ከቆላ የመጣ ሰው ዳገት ሲወጣም ያለከልካል። ደም ግፊት እንዳለብኝና እንደሌለብኝ ግን አንድ ቀን አልጠየቀኝም። ግፊት ወይም የልብ ችግር ያለባችሁ፣ ሐኪም ሳታማክሩ ከባዱን እንዳትሞክሩት።

የትሬድሚሉን ቁጥርም አትመኑ። ክብደቴን ሳላስገባ፣ እጀታውን ተደግፌ፣ 450 አቃጠልህ ይለኛል።

ልትከፍሉ ከሆነ የአንድ ወር ብቻ ክፈሉ፤ ደረሰኙንም ጀርባውን ገልብጣችሁ አንብቡ። የኔ ጀርባው ላይ በደቃቅ ጽሕፈት «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። በሁለተኛው ወር መጀመሪያ ገንዘቤን ልጠይቅ ስሄድ አሰልጣኙ ያንን አሳየኝ። ከዚያ ሳያፍር የቦርጭ ቀበቶ አወጣ። ለኔ ሲሆን በቅናሽ 900 ብር ነው አለ። ቀበቶ ሆድ ያስራል እንጂ ከሆድ ስብ መርጦ አያወጣም፤ እሱንም እንዳትገዙ።