የካናዳ መሐንዲሶች የብረት ቀለበት ሥርዓት፦ ቀለበቱ ይቆይ፣ ቃሉ ይታደስ

በካናዳ የምህንድስና ተመራቂ ቃል ገብቶ በትንሿ ጣቱ የብረት ቀለበት ያጠልቃል። ሐሳቡን በ1922 እ.ኤ.አ. ያነሱት የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ሃውልቴይን ሲሆኑ ቃሉን የጻፈው እንግሊዛዊው ደራሲ ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ሥርዓቱ በ1925 ሞንትሪያል ላይ ተጀመረ።

ቀለበቱ እጅግ የታሰበበት ዕቃ ነው። የሚጠለቀው በሚጽፉበት እጅ ስለሆነ የምህንድስና ንድፍ ላይ ሲፈርሙ ብረቱ ወረቀቱን ይነካል። ዙሪያው ሸካራ ነው፤ ከዓመታት በኋላ እየተፋቀ ይለሰልሳል። ቀለበቱ በሁለት ዓይነት ብረት ይሠራል፤ ምርጫ ካለ የማይዝገውን ስቴንለስ ስቲል ይምረጡ። ተቀጥቅጦ የሚሠራው ብረት ላብ ሲነካው ይዝጋል፣ ጣትንም ያጠቁራል፤ እሱን የወደደ ሁልጊዜ ማድረቅ አለበት። የጣት ልክ የሚወሰደው ሙቀት ባለበት ክፍል ነው፤ ብርድ ላይ የተኮማተረ ጣት ቢለካ በኋላ ይጠብቃል። የጣቱን አንጓ በትንሽ ግፊት የሚያልፈው ቀለበት ትክክለኛው ልክ ነው። በ1907 ወድቆ 75 ሠራተኞች ከገደለው የኩቤክ ድልድይ ብረት ተሠራ የሚባለው ግን ተረት ነው።

ጉድለቱ ቃሉ ላይ ነው። በቅኝ ግዛት ዘመን አስተሳሰብ፣ ወንዶችን ብቻ እያሰበ የተጻፈ ነው፤ ሃይማኖታዊ ቃናውም ሁሉንም ተመራቂ አያቅፍም። ለውጥ የጠየቁት መሐንዲሶች ትክክል ናቸው። ስህተትን አለመደበቅና ደካማ ሥራን አለማሳለፍ የሚለው ግዴታ ይቆይ፣ የኪፕሊንግ ግጥም ከሥርዓቱ ይውጣ። ጽሑፉ ለተመራቂው ቀድሞ ይሰጠው፤ ያላነበቡትን መማል ከባድ ነው። የሥርዓቱ ዕቃዎች የሆኑት መስፉ፣ መዶሻውና በእጅ የሚያዘው ቀዝቃዛ ሰንሰለት ግን አይነኩ።