ነቀምቴን በአንድ ቀን፦ ቤተ መንግሥቱም አንጮቴውም

ወደ ምዕራብ የምትጓዙ ከሆነ ነቀምቴን ማደሪያ ብቻ አታድርጓት። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት፤ አንድ ሙሉ ቀን ይገባታል።

ጠዋት ከኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥት ጀምሩ። ሌቃ ነቀምቴ የሚባለው የቀድሞ የኦሮሞ መንግሥት ገዢዎች መቀመጫ ነበር። የእንጨት ሥራውን ረጋ ብላችሁ እዩት፣ በጣም ያምራል። ቀጥሎ የወለጋ ሙዚየም አለ፣ የአካባቢው ኦሮሞ ሕዝብ የኑሮ ዕቃ የሚታይበት። ደግሞም እ.ኤ.አ. በ1899 የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ የተረጎሙት ኦኔስሞስ ነሲብ ከስደት ተመልሰው ያስተማሩት በዚችው ከተማ ነው፤ ይህን እያሰቡ መንገዱን መሄድ ሌላ ስሜት አለው።

ምሳ? አንጮቴ ነዋ! ከመሬት የሚቆፈር ሥር ነው፤ ተቀቅሎ፣ ተልጦ፣ ተፈጭቶ በንጥር ቅቤ ይታሻል። የወለጋ ሰው ለተሰበረ አጥንት ይበጃል ይላል። ሁሉም ቤት ሁልጊዜ አይሠራውም፣ እኔም አንድ ምግብ ቤት «ዛሬ የለም» ብሎኝ ተናድጄ ወጥቻለሁ፣ ስለዚህ ጠዋቱኑ ደውላችሁ እዘዙ። ሲቀርብ ግን ለስላሳ ነው፣ ያጠግባል፣ ቅቤው ደግሞ ጥሩ ከሆነ እጅ ያስቆረጥማል። ከዚያ በኋላ ቡና፣ የግድ።