የቤት ውሃ መዝጊያ፦ ባለ ክብ እጀታው ወይስ ባለ ሊቨሩ?

«ዋናውን የውሃ መዝጊያ የቱን ልግዛ?» የሚለኝ ሰው በዛ። አብዛኛው የሚደውለው ቤቱ ከራሰ በኋላ ነው። አንዴ ጽፌው ልገላገል፦ ባለ ሊቨሩን (ባለ ዘንግ እጀታውን) ቦል ቫልቭ ግዙ። ባለ ክብ እጀታውን ጌት ቫልቭ ተዉት።

መጀመሪያ ስለ ብር እናውራ። ደህና ዕቃ ከሆነ የሁለቱ ዋጋ ያን ያህል አይራራቅም። የሚራራቀው የቦል ቫልቩ የራሱ ርካሽና ውድ ነው። ሰፈር ሱቅ ይጨምርባችኋል። ለአንድ ዕቃ መርካቶ ከወረዳችሁ ደግሞ ታክሲው ልዩነቱን ይበላዋል። ለኩሽናውም ለሽንት ቤቱም አብራችሁ ስትገዙ ነው የሚያዋጣው። የመግጠሚያ የእጅ ዋጋው እንደሆነ ለርካሹም ለውዱም ያው ነው።

ጌት ቫልቭን ለምን ጠላሁት? አዲስ አበባ ውሃው በፈረቃ ነው። ጠፍቶ ሲመጣ ዝገትና ደለል ይዞ ይመጣል። ያ ሁሉ መዝጊያው መቀመጫ ላይ ይጠራቀማል፤ ከዚያ ጥርቅም ብሎ አይዘጋም። አራት ኪሎ ፎቅ ላይ የሚኖር ጓደኛዬ ሌሊት ውሃው ሲመጣ የእጅ መታጠቢያው ፍሌክሲብል ቱቦ ፈነዳበት። እጀታውን ቢያዞር ቢያዞር፣ ዘንጉ ውስጥ ተሰብሮ ኖሮ በባዶ ይሽከረከራል። ቆጣሪው ጋ ወርዶ እስኪዘጋ የታችኛው ጎረቤት ኮርኒስ አለቀ። የኮርኒሱ ዋጋ ስንት ቫልቭ ይገዛ እንደነበር አስቡት።

ቦል ቫልቭ ሩብ ዙር ብቻ ነው። ሊቨሩ ከቧንቧው ጋር ትይዩ ከሆነ ክፍት፣ ከተጋደመ ዝግ። በጨለማም በእጅ ይታወቃል። ለዓመታት ካልተነካ ግን ይደርቃል፤ አልፎ አልፎ ዘጋ ከፈት አድርጉት።

አሁን ፎርጂዱ። «ጣሊያን ነው» ቢሏችሁ ጽሑፉን አትመኑ፤ በእጃችሁ መዝኑት። ናስ ይከብዳል። ማግኔት ይዛችሁ ሂዱ፤ ሊቨሩን ትታችሁ አካሉንና ውስጥ ያለችውን ኳስ ሞክሩ። ከያዘ ብረት ነው፣ ይዝጋል። ማግኔት ያልያዘው ሁሉ ግን ናስ አይደለም። ቀለል የሚል ቅይጥ አለ፣ በመፍቻ ሲጠብቅ ስንጥቅ የሚል። ርካሹ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ሮቶ ያላችሁ አንድ መዝጊያ አይበቃችሁም። ቆጣሪው ጋ ብትዘጉም የታንከሩ ውሃ መውረዱን አይተውም፤ መውጫው ሥር ሌላ ቦል ቫልቭ አስገጥሙ። ከቆጣሪው በፊት ያለው መስመር ከፈነዳ ግን ራሳችሁ አትነካኩት፣ ውሃና ፍሳሽ ጋ 906 ደውሉ።