ሦስት ወር በገና ተማርኩ፤ ብልህ ግን አልሆንኩም

አዲስ አበባ፣ 22 አካባቢ ያለ አንድ የበገና ማስተማሪያ ቤት ነው። ስሙን አልጽፍም። ቅሬታ አለኝ፤ መምህሩን ደግሞ እወደዋለሁ። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱ አይሠራም። ማክሰኞና ሐሙስ ማታ፣ ከ11:30 እስከ 1:00 ሰዓት። በወር 1,800 ብር፣ መመዝገቢያ 500። በገናው እዚያው ይሰጣችኋል። ቤት ይዛችሁ ልትሄዱ ከፈለጋችሁ ግን ማስያዣ አለው። እሱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ፤ አሁን ከጀመርኩት እናደዳለሁ።

51 ዓመቴ ነው። 26 ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬያለሁ። ከዚህ በፊት የነካሁት የሙዚቃ መሣሪያ ቢኖር የትምህርት ቤት ደወል ነው።

መግቢያው ላይ ትልቅ ባነር ተሰቅሏል። «በገና የልጅዎን አእምሮ ያሳድጋል! በትምህርቱ ጎበዝ ያደርገዋል!» ይላል። ከጽሑፉ ጎን የአንጎል ሥዕል አለ፤ ግማሹ ቀይ፣ ግማሹ ሰማያዊ። ግራው ለሒሳብ፣ ቀኙ ለሙዚቃ መሆኑ ነው። የመጀመሪያ ቀን እዚያው ቆሜ ቀይ እስክሪብቶ አማረኝ። አንጎል እንደ ድፎ ዳቦ ለሁለት ተቆርሶ ሥራ አይከፋፈልም። አንድ ዜማ ስንሰማ የመስማቱም፣ የእንቅስቃሴውም፣ የትዝታውም፣ የስሜቱም ክፍል በሁለቱም ወገን ይነቃል።

«ሙዚቃ ጎበዝ ያደርጋል» የሚለው ወሬ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እ.ኤ.አ. በ1993 ካሊፎርኒያ ውስጥ 36 የኮሌጅ ተማሪዎች ለ10 ደቂቃ የሞዛርትን ሙዚቃ ሰሙ። ከዚያ «ታጥፎ የተቆረጠ ወረቀት ሲዘረጋ ምን ይመስላል?» ዓይነት ጥያቄ ተሰጣቸው። ትንሽ የተሻለ ሠሩ። መሻሻሉ ግን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ ጠፋ። በቃ ይኸው ነው። ሕፃናት አልነበሩም፣ መሣሪያም አልተማሩም። ወሬው ግን ክንፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ግዛት አስተዳዳሪ ለሚወለደው ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ ይታደል ብለው 105,000 ዶላር በጀት ጠየቁ። የ22ቱ ባነር የዚያ ወሬ የልጅ ልጅ ነው።

ስለዚህ የልጃችሁን የሒሳብ ውጤት አስባችሁ ከሆነ፣ 1,800 ብሩን ለአስጠኚ ስጡት።

በገናው ግን ሌላ ነገር ነው።

አሥር አውታር አለው። እኛ በተማርንበት መንገድ የሚደረደሩት ስድስቱ ናቸው፤ የቀሩት ጣት ማሳረፊያ ናቸው። የሚደረደረው በግራ እጅ ነው። የኔ ግራ እጅ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ሽንኩርት ከመያዝ ያለፈ ሥራ አታውቅም። መምህሩ ለጣቶቻችን ቁጥር ሰጥቶ በቁጥር ያስደረድረናል። ቁጥሩን ሲጠራ ጆሮዬ ይሰማል፣ አእምሮዬ ይገባዋል፣ የቀለበት ጣቴ ግን የለችበትም። ከመሀል ጣቴ ጋር ተያይዛ ትመጣለች፤ ገበያ እንደሚሄዱ ጎረቤታሞች።

ከጎኔ የ9 ዓመት ልጅ ትቀመጣለች። እኔ ሰባት ሳምንት የታገልኩትን እሷ በሁለት ሳምንት ጨረሰችው። አንድ ሐሙስ ስሰቃይ አይታ ጠጋ አለችና በሹክሹክታ «እትዬ፣ ጣትዎን አይዩት» አለችኝ። ዓይኔን ከጣቴ አንስቼ መስኮቱን አየሁ። ሄደ! ባየኋት ቁጥር የምትደናገር ጣት ስተዋት ሠራች።

እ.ኤ.አ. በ1995 ጀርመን ያሉ ተመራማሪዎች 9 የባለ አውታር መሣሪያ ተጫዋቾችን መርምረው ነበር። ከግራ እጅ ጣቶች የሚመጣውን ስሜት የሚቀበለው የአንጎል ክፍል፣ ሙዚቃ ከማይጫወቱ ሰዎች ሰፍቶ ተገኘ። በተለይ የትንሿ ጣት። በልጅነት በጀመሩት ላይ ልዩነቱ ይበልጥ ጎልቷል። ይህን ክፍል ውስጥ ስንት ጊዜ አውርቼዋለሁ! ጠመኔ ይዤ ማውራትና በራሴ የቀለበት ጣት ማየት ግን ለየቅል ናቸው። ልጅቷ ለምን እንደቀደመችኝም ገባኝ። ትንሽ ቀናሁ፤ አልዋሽም።

ሌላው የገረመኝ እንቅልፍ ነው። ማታ እምቢ ብሎኝ ትቼው የተኛሁት ድርደራ ጠዋት ሻይ ሳይፈላ እሺ ይለኛል። የጣት ልምምድ በእንቅልፍ ሰዓት አንጎል ውስጥ እንደሚጸና ይታወቃል። ለጀማሪ የምመክረው፣ ቅዳሜ ሦስት ሰዓት ሙሉ ከመታገል በየማታው 15 ደቂቃ ነክቶ መተኛት ይሻላል።

መምህሩ ወጣት ነው፤ የልጄ እኩያ። የማስተማር ዘዴው የየኔታ ነው፤ አውታር ሳንነካ መዝሙሩን በቃል ያስይዘናል። ዜማው ቃሉን ተሸክሞት ይመጣል። ፊደልን በዜማ ያልቆጠረ የኔ ዘመን ሰው አለ? አንድ ቀን ለልጅቷ ቅዱስ ያሬድ ትምህርት አልገባው ብሎ ሲጠፋ፣ ዛፍ ላይ እየወደቀ የሚወጣውን ትል እንዳየ ነገራት። ልጅቷ አዳምጣ ጨረሰችና «ትሉ ግን ደረቱን አላመመውም?» አለች። መምህሩ መልስ አልነበረውም።

ጉብዝናውን ያየሁት ግን በእንዚራው ነው። እንዚራ ከአውታሩ ሥር፣ ብርኩማው (አውታሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) ላይ የምትገባ ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። በገናን በገና የሚያሰኘው ያ እዝዝ የሚል ድምፅ ከሷ ነው የሚመጣው። የኔ ሦስተኛ አውታር ዝም ብሎ ነበር፤ ሲነካ እንደ ላስቲክ ጧ ይላል። መምህሩ ጎንበስ አለ፣ ቆዳዋን በጥፍሩ የፀጉር ያህል ገፋት። ምንም። ትንሽ መለሳት። ከዚያ አውታሩ ማጉረምረም ጀመረ። በገናው ደረቴን ተደግፎ ስለነበር ድምፁን ከጆሮዬ በፊት በአጥንቴ ሰማሁት። «አሁን ተናገረ» አለና ወደሚቀጥለው ተማሪ ሄደ።

አሁን ወደ ቅሬታው። 14 ተማሪ አለ፣ በገናው 8 ነው። ስለዚህ ግማሹን ሰዓት ሌላው ሲደረድር ታያላችሁ። ማየትም ያስተምራል ይላሉ፤ ያስተምራል፣ ግን የከፈልኩት ለመደርደር ነው። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ከግድግዳው ማዶ ዙምባ አለ። እኛ የዐቢይ ጾም መዝሙር ስንለማመድ ከማዶ «ዋን፣ ቱ፣ ስሪ!» ይሰማል። አንድ የራይድ ሹፌር አብሮን ይማራል፤ «ማዘር፣ እግሬ ወደዚያ ሄደ፣ እጄ እዚህ ቀረ» ብሎ አስቆኛል። የሚገርመው እውነቱን ነው፤ ምት ስንሰማ ቁጭ ብለንም የአንጎላችን የእንቅስቃሴ ክፍል ይነሳል። ማስያዣውስ? 3,000 ብር አስይዤ አንዱን በገና ወሰድኩ። ስመልስ «ቆዳው ላልቷል» ብለው 800 ብር ቆረጡብኝ። ቆዳው ስወስደውም የላላ ነበር! ስትወስዱ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፣ ደረሰኝም ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ የራሴን ገዛሁ።

በገናው ቤት ሲገባ ደግሞ ያላሰብኩት ሰው መምህር ሆነ። እናቴ 83 ዓመቷ ነው፤ አልዛይመር አለባት። እኔን በሞተችው እህቷ ስም ነው የምትጠራኝ። የልጆቼን ስም ከረሳች ቆይታለች። አንድ ማታ ሳሎን ቁጭ ብዬ በልጅነቴ ትዘምረው የነበረውን መዝሙር ስደረድር ከኋላዬ አፏን ከፈተች። አንድም ቃል አልሳተችም። እኔ ግን ሦስተኛው ስንኝ ላይ ቸኮልኩ። አቆመችኝ። «አትሩጪ! ምን ያስቸኩልሻል?» አለች። ከመጀመሪያው ጀመርን።

የቆየ ዜማ የሚቀመጥባቸው አንዳንድ የአንጎል ክፍሎች በአልዛይመር ከሌሎቹ ዘግይተው እንደሚጎዱ በአንጎል ምስል ታይቷል። አነበብኩት እንጂ እናቴ አልዳነችም። በማግስቱ ጠዋት ምሳ በልተናል ወይ ብላ ሦስት ጊዜ ጠይቃኛለች። ማታ ማታ ግን በገናውን ሳወጣ ነጠላዋን አስተካክላ ትቀመጣለች፤ ስሳሳት ትቆጣኛለች። እንደ ድሮው። ይህ ባነሩ ላይ የለም። ይጻፍ ቢሉኝም እምቢ እላለሁ፤ ነገ ደግሞ «በገና አልዛይመርን ይፈውሳል» ብለው ይሰቅሉታል።

ለመምህሩ ከአምስት አምስት። ለቤቱ ሁለት ተኩል። ለባነሩ ዜሮ። ለሚቀጥሉት ሦስት ወራት ከፍያለሁ። ብትመጡ መስኮቱ አጠገብ ያለችውን ወንበር አትያዙብኝ፤ ዓይኔን ከጣቴ ላይ የማነሳው እሷ ላይ ስቀመጥ ብቻ ነው።