ዲኬኤምኤስ ሲገመገም፦ የጠፋ ሄደር ይጠቁማል፣ የተዛወረውን ግን አያውቅም

ከሊኑክስ ከርነል (ከስርዓተ ክወናው እምብርት) ውጭ የተጻፈ ድራይቨር ያለው ሰው ከርነሉ በታደሰ ቁጥር ሞጁሉን፣ ማለትም ከርነሉ ላይ የሚጫነውን የድራይቨሩን ፋይል፣ ደግሞ ከምንጭ ኮዱ መገንባት (ኮምፓይል ማድረግ) ግድ ይሆንበታል። በዴል የተሠራውና በነጻ የሚገኘው ዲኬኤምኤስ ይህን ጣጣ ያስቀራል። ምንጭ ኮዱን ከ/ዩኤስአር/ኤስአርሲ አንሥቶ ለአዲሱ ከርነል ራሱ ይገነባል። ሁሉም ሲሰምር መኖሩም አይታወቅም። ዋጋው የሚለካው ግንባታው ሲከሽፍ ነው።

ሄደሩ፣ ማለትም ሞጁሉ ሲገነባ የሚነበበው የከርነሉ መግለጫ ፋይል፣ ጨርሶ ከሌለ መልእክቱ ግልጽ ነው፤ የትኛው ከርነል ሄደር እንዳጣ በስሙ ይናገራል። በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚጫነው የሊኑክስ-ሄደርስ ፓኬጅ የስሪት ቁጥር፣ ሞጁሉ ከሚገነባለት ከርነል ቁጥር ጋር እስከ መጨረሻዋ አኃዝ መግጠም አለበት። በየዝማኔው ላለመልፋት ኡቡንቱ ላይ ሊኑክስ-ሄደርስ-ጄነሪክን፣ ባለ64 ቢት ዴቢያን ላይ ሊኑክስ-ሄደርስ-ኤኤምዲ64ን መጫን ይበቃል። ፌዶራ ላይ ስሙ ያሳስታል፦ የሚያስፈልገው ከርነል-ዴቭል ነው፤ ከርነል-ሄደርስ የሚባለው ለተራ ፕሮግራሞች እንጂ ለሞጁል አይሆንም።

ፓኬጁ ተጭኖም ስህተቱ ካልጠፋ በ/ሊብ/ሞጁልስ ሥር፣ በከርነሉ ስሪት ፎልደር ውስጥ ያለውን «ቢልድ» የተባለ ሊንክ ይመልከቱ። ወደተሰረዘ ፎልደር የሚያመለክት ከሆነ ፓኬጁን እንደገና መጫን ያስተካክለዋል። ከርነሉን ራስዎ ከምንጭ ኮድ ካዘጋጁትና «አውቶኮንፍ (የከርነሉን ቅንብር የያዘው ፋይል) ጠፋ» የሚል ስህተት ከመጣ፣ ሜክ የተባለውን የግንባታ ፕሮግራም በ«ሞጁልስ_ፕሪፔር» ያስኪዱ። ይህ ግን የከርነሉን ምልክቶች የሚዘረዝረውን የሞጁል-ሲምቨርስን ፋይል አይፈጥርም፤ ሞድቨርዥንስ (ሞጁሉ ከከርነሉ ጋር መግጠሙን የሚፈትሽ አማራጭ) ለበራበት ከርነል ሙሉ ግንባታ ያስፈልጋል።

ትልቁ ድክመት ከዚህ ይጀምራል። ሄደሩ በከርነሉ ውስጥ ቦታ ሲቀይር ዲኬኤምኤስ «ግንባታው ከሸፈ» ብሎ ወደ ሎጉ (ወደ ግንባታው መዝገብ) ከመምራት አያልፍም። ሎጉ በ/ቫር/ሊብ/ዲኬኤምኤስ ሥር፣ በሞጁሉ ስምና ስሪት ፎልደር ውስጥ ሜክ.ሎግ ተብሎ ይቀመጣል። የሚፈለገው የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ከሱ በታች የሚደረደረው አብዛኛውን ጊዜ የሱ ትርፍራፊ ነው። ሁለት የታወቁ ምሳሌዎች አሉ፦ ከ5.15 ወዲህ ስታንዳርድ የነበረው ስትድአርግ.ኤች በሊኑክስ/ስትድአርግ.ኤች ተተክቷል፤ በ6.12 ደግሞ ኤኤስኤም/አንአላይንድ.ኤች ወደ ሊኑክስ/አንአላይንድ.ኤች ተዛውሯል። ትክክለኛው ጥገና በምንጭ ኮዱ ውስጥ ሄደሩን የሚጠራውን የኢንክሉድ መስመር በከርነል ስሪት ቅድመ ሁኔታ መለየት ነው። የድሮውን ሄደር ኮርጆ አዲሱ ፎልደር ውስጥ መወርወር ግን አያዋጣም፦ ኮምፓይሉ ያልፍ ይሆናል፣ በማግስቱ ግን ስትራክቸሮቹ (የዳታ አወቃቀሮቹ) ተዛብተው ማሽኑ ሊንኮታኮት ይችላል።

ሌላው ወጥመድ የሜክፋይሉ፣ ማለትም ሜክ የሚከተለው የግንባታ መመሪያ ፋይል፣ ነው። የሚሮጠውን ከርነል ስሪት ዩኔም በተባለው ትእዛዝ የሚጠይቅ ሜክፋይል፣ አዲሱ ከርነል ተጭኖ ማሽኑ ገና ሪስታርት ሳይደረግ ሲገነባ፣ የአሮጌውን ሄደር ይወስዳል። ግንባታው «ተሳካ» ይላል፤ ከሪስታርት በኋላ ግን ሞጁሉ በቅርጸት ስህተት አልጫንም ይላል። የሞጁሉ የዲኬኤምኤስ ቅንብር ፋይል በሆነው በዲኬኤምኤስ.ኮንፍ ውስጥ ያለው የሜክ መስመር ስሪቱን ከ«ከርነልቨር» ተለዋዋጭ ተቀብሎ ለሜክፋይሉ ማቀበል አለበት።

ድራይቨር ብቻ ለሚጭን ተጠቃሚ ዲኬኤምኤስን ያለማመንታት እንመክራለን። ሞጁል ለሚጽፍ ግን ሎግ ማንበብን አያስቀርለትም።