ተክን 8፦ ካዙያን ለመልመድ የልምምድ ክፍሉ ያዋጣል?

ካዙያ ለሚባለው ተፋላሚ ብላችሁ የፍልሚያ ጨዋታውን ተክን 8ን ልትገዙ ካሰባችሁ፣ ከታሪኩም ከግራፊክሱም በፊት ማየት ያለባችሁ የልምምድ ክፍሉን ነው፤ ብዙውን ሰዓት የምታጠፉት እዚያ ነውና። ባንዳይ ናምኮ ጨዋታውን እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 26 ቀን 2024 ለፕሌይስቴሽን 5፣ ለኤክስቦክስ ሲሪስ እና ለኮምፒውተር ሲያወጣው መነሻ ዋጋው 70 ዶላር ነበር።

የካዙያ ነገር ሁሉ የሚዞረው ኤሌክትሪክ በሚባለው ቡጢ ላይ ነው። ወደ ፊት፣ መልቀቅ፣ ወደ ታች፣ ከዚያ የታችና የፊቱን ማዕዘን ከትሪያንግል (በፕሌይስቴሽን ጆይስቲክ △ ምልክት ካለበት ቁልፍ) ጋር እኩል መጫን። እኩል ሲባል የምር እኩል ነው፦ ጨዋታው በሰከንድ 60 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ይሄዳል፤ ማዕዘኑና ትሪያንግሉ አንድ ፍሬም ላይ ካላረፉ የሚወጣው መብረቅ የሌለው ተራ ቡጢ ነው። ኤሌክትሪኩ ብሎክ ቢደረግ (ተቃዋሚው ቢከላከለው) እንኳ ከእሱ በ5 ፍሬም ቀድማችሁ ትንቀሳቀሳላችሁ፤ ተራው ብሎክ ከተደረገ ግን በ10 ፍሬም ትዘገያላችሁ፣ ተቃዋሚው ቅጣቱን ይሰጣል።

የልምምድ ክፍሉ ገንዘቡን የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው። የፍሬም ማሳያውንና የቁልፍ ታሪኩን (የተጫናችኋቸውን ቁልፎች በቅደም ተከተል የሚያሳየውን) አብራችሁ ክፈቱ። ትሪያንግሉ ለብቻው መስመር ከያዘ ዘግይታችኋል። ካዙያ ቁጭ ብሎ ዝቅ ያለ ምት ከሰነዘረ ትሪያንግሉን ገና "ታች" ላይ ሳላችሁ ነክታችሁታል። ዝቅ ብሎ ወደ ፊት በሚገባበት እርምጃ ፈንታ ቆሞ ሌላ ቡጢ ካወጣ ደግሞ ከ"ፊት" ወደ "ታች" ስትሄዱ አውራ ጣታችሁ አልተነሳም፤ መልቀቁ ተዘሏል ማለት ነው። ጀማሪ ብዙ ጊዜ የሚወድቀው በዚህኛው ነው፣ እሱ ግን ፍጥነት የጎደለው እየመሰለው ይበልጥ ይቸኩላል።

ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ሁሉንም ብሎክ እንዲያደርግ፣ ብሎክ እንዳደረገም በጃብ (አጭር ፈጣን ቡጢ) እንዲመልስ አስተካክሉት። ተራው ቡጢ ከወጣ ጃቡን ትቀምሳላችሁ፣ ኤሌክትሪኩ ከወጣ ግን ብሎክ አድርጋችሁ ታልፉታላችሁ። ቁጥር ከማንበብ ይልቅ እጅ በዚህ ቶሎ ይማራል። በአንድ ጎን ሲሳካ ወዲያው ጎን ቀይሩ፤ በግራ በኩል ቆሞ እንደ ውሃ የሚያወርደው ሰው ቀኝ ሲሄድ አቅጣጫው ተገልብጦበት ይጠፋበታል።

ጆይስቲኩም ዋጋ አለው። ፕሌይስቴሽን ቤት ውስጥ ሲኳስበት የከረመ ጆይስቲክ የአቅጣጫ ቁልፉ ስለሚላላ ማዕዘኑን ይዘላል፤ ችግሩን ከጣታችሁ ከመፈለጋችሁ በፊት የቁልፍ ታሪኩ ላይ ማዕዘኑ መኖሩን አረጋግጡ።

ጉድለቱስ? ጨዋታው የምቱን ቁልፎች በዝርዝር ያሳያል እንጂ እንዴት እንደሚለመድ ደረጃ በደረጃ አያስይዝም። ካዙያ ወደ ጎን ለሚያመልጥ፣ በተለይ ወደ ራሱ ግራ ለሚሄድ ተቃዋሚ ደካማ መሆኑንም ፊት ለፊት የሚነግራችሁ የለም። ይህን ራሳችሁ አዘጋጁት፦ የኮምፒውተሩን ተጫዋች ወደ ግራው ሲሸሽ ቅዱት፣ ከዚያ የትኛው ምታችሁ እንደሚስተው፣ ሆሚንግ (ወደ ጎን የሚያመልጠውን የሚከተል) የሚል ምልክት ያለበት የትኛው እንደሚይዘው ተመልከቱ። እግር የሚያጭደው ሄልስዊፕ ሳይቀር በጭፍን ከተደጋገመ አደገኛ ነው፤ የመጀመሪያው ምት ብሎክ ከተደረገ ሙሉ ኮምቦ (ተከታታይ ምት) ያስከፍላል።

ከሁሉም የተሻለው ያለፈ ግጥሚያ መልሶ የሚታይበት የሪፕሌይ ክፍሉ ነው። የተሸነፋችሁበትን ግጥሚያ ከፍታችሁ መሃል ላይ ካዙያን ተረክባችሁ መጫወት ትችላላችሁ፤ ቅጣት ያመለጣችሁበትን ቦታም ይጠቁማል። ከሰው ጋር ኦንላይን ስትገቡ ደግሞ የተቃዋሚው መስመር በኬብል ይሁን በዋይፋይ ምልክቱን አይታችሁ ተቀበሉ፤ በሚቆራረጥ መስመር ላይ የአንድ ፍሬም ቡጢ መለማመድ ትርፉ ድካም ነው።