ቁጥሬን ልጠው እንደገና ለለጠፉልኝ ጋሼ

ይህን የምጽፈው ሚኒሶታ ውስጥ ለምትኖሩ፣ በተለይም ዘንድሮ ያገለገለ የሞተር ጀልባ ለመግዛት ለምታስቡ ወገኖቼ ነው። ላመሰግናቸው የፈለግሁት አንድ ጀልባ ጠጋኝ ሽማግሌን ነው። ስማቸውን አደባባይ እንዳላወጣ ስላስጠነቀቁኝ በደፈናው ጋሼ እላቸዋለሁ።

ከዊስኮንሲን የመጣች ባለ 16 ጫማ ጀልባ ገዛሁ። የሌላ ክፍለ ግዛት ቁጥር ስለነበራት የሚኒሶታ ፈቃድና አዲስ ቁጥር ያስፈልጋት ነበር። ነገሩ የመኪና ታርጋ በሚሰጥበት ቢሮ ስለሚያልቅ በግማሽ ሰዓት የምጨርሰው መስሎኝ ነበር። ማመልከቻዬ ግን «የጀልባዋ መለያ ትክክል አይደለም» ተብሎ ተመለሰ። ከሽያጭ ውሉ ላይ ፊደል በፊደል የገለበጥኩት ስለሆነ ቢሮው ያጉላላኝ መስሎኝ እየተናደድኩ ነበር ወደ ጋሼ የሄድኩት።

ውሉን ገና ሲያዩት «ልጄ፣ ይህ ኦ ከየት መጣ?» አሉኝ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ወደ ጀልባዋ ኋላ ወሰዱኝ። ሞተሩ በሚታሰርበት ግድግዳ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ከላይኛው ጠርዝ ሥር አሥራ ሁለት ፊደልና አሃዝ ተቀርጿል። ይህ ፋብሪካው የሚሰጠው መለያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ሕጉ ይህን መጠየቅ የጀመረው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1972 ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ የሠሪው መጠሪያ ናቸው፤ ቀጣዮቹ አምስቱ ተራ ቁጥር ናቸው። በተራ ቁጥሩ ውስጥ ደግሞ አይ፣ ኦ እና ኪው የሚባሉት የእንግሊዝኛ ፊደላት አይገቡም፤ ከ1 እና ከ0 ጋር ይምታታሉና። ስለዚህ ሻጩ በእጁ ኦ ብሎ የጻፈው ዜሮ ነበር። ይኸው ነው ያስመለሰኝ!

ጋሼ በዚህ አላበቁም። የመጨረሻዎቹን አራቱን በጣታቸው እየነኩ «ጂ፣ 8፣ 0፣ 9» ብለው አነበቡልኝ። ኤ ጃንዋሪ ከሆነ ጂ ጁላይ ነው፤ 8 ደግሞ 2008ን ያመለክታል፤ 09 የሞዴሏ ዓመት ነው። ሻጩ 2011 ብሎኝ ነበር። ለካ ጀልባም ዕድሜዋን ትደብቃለች። ውሉን አስተካክለን ሻጩን በድጋሚ አስፈረምነው፤ ፈቃዱም ያለ ክርክር ወጣ።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር። አዲሱ ቁጥር እጄ ሲገባ ደስታው አላስችል ብሎኝ ራሴ ለጠፍኩት። የዊስኮንሲኑን ሳላነሣ ከእርሱ ቀጥሎ ወደ ኋላ አስገባሁት፤ ፊደሉ ዘንበል ዘንበል ያለ የሠርግ መጥሪያ የሚመስል ነበር፤ ቀለሙ ብርማ፣ ጀልባዋ ነጭ። እኔ አምሮብኛል ብዬ ፎቶ ላክሁላቸው። ጋሼ የመለሱት አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «አምጪያት።»

የፀጉር ማድረቂያ አምጥተው ፊደሎቹን አሞቁ፤ ከዚያም በፕላስቲክ መፋቂያ አንድ በአንድ ላጧቸው። ፊቴ መቅላቱን ሳያዩ አልቀረም፤ እየሠሩ ምክንያቱን ይነግሩኝ ጀመር። ቁጥሩ በጀልባው የፊተኛ ግማሽ ላይ፣ በሁለቱም ጎን፣ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲነበብ ሆኖ ይለጠፋል። እዚያ ቦታ ላይ ሌላ ቁጥር መኖር የለበትም። ፊደሉ ቀጥ ያለ፣ ቁመቱ ከ3 ኢንች የማያንስ፣ ቀለሙም ከጀልባዋ ቀለም ጋር የሚጋጭ መሆን አለበት። በፊደሎቹና በአሃዞቹ መካከል ደግሞ ክፍተት ወይም ሰረዝ ይገባል፤ ስፋቱ የአንድ ፊደል ያህል ነው። «የትኛው ፊደል?» ብላቸው ሳቁ፤ ለካ ሕጉም ይህን አስቦበታል፤ አይ እና 1 ቀጫጭን ስለሆኑ መለኪያ አይሆኑም።

ከዚያ የጀልባዋን ገላ በአልኮል ወለወሉት። የቆየ ሰም ካለበት ማጣበቂያው አንድ ወር አይቆይም አሉ። መስመሩን በወረቀት ፕላስተር አስተካክለው፣ ሳሙና ጠብ ያለበት ውኃ ነፍተው፣ ጥቁሮቹን ፊደሎች ከመሐል ወደ ዳር እየጨመቁ ለጠፉ። አሁን ወደቡ ላይ ቆሜ ሳያት ቁጥሯ ከሩቅ ይነበባል። የፈቃዱን ዘመን የሚያሳየውን ትንሹን ተለጣፊ ከቁጥሩ በ6 ኢንች ርቀት ውስጥ አኖሩት። እኛ ለመኪና ሊብሬ የምንለው ዓይነት ወረቀቷን ደግሞ ውኃ በማያስገባ ከረጢት አድርገው እዚያው ጀልባዋ ውስጥ አሰሩልኝ፤ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠ ፈቃድ ውኃ ላይ እንደሌለ ይቆጠራል።

ለዚህ ሁሉ የተቀበሉኝ የተለጣፊዎቹን ዋጋ ብቻ ነው። ብለምናቸው ብለምናቸው አልሰሙኝም፤ የድካማቸውን በምርቃት ብቻ እንድከፍል ፈረዱብኝ። ጋሼ፣ ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እጅዎ አይዛል!

አድራሻቸውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ። በረዶው ሲቀልጥ ጀልባ የሚያስገባ ሰው ስለሚበዛባቸው ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ስትሄዱ የሽያጭ ውላችሁን ያዙ፤ ቁጥሩን ግን ከመሄዳችሁ በፊት አትለጥፉ፤ ፎቶም አትላኩላቸው።